በሁለት ምት መካከል

ታላቅ እህቴ ቅልብልቦሽ ስትጫወት ወደ ላይ የወረወረቻትን ጠጠር አታያትም ነበር። ካዛንቺስ ከነበረው የቀበሌ ቤታችን ደጃፍ፣ ሲሚንቶው የተሰነጠቀ ደረጃ ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና አምስት ጠጠር ትበትናለች። አንዷን ትወረውራለች፤ ያቺ እስክትመለስ ከመሬት ሌላ አንስታ፣ የምትወርደውን በዚያው መዳፍ ትቀልባለች። መጀመሪያ አንድ አንድ ነው፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱን በአንድ አፈሳ። እኔ ስሞክር ሁልጊዜ የምስተው በአንድ ምክንያት ነበር። ዓይኔ ከጠጠሯ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ እጄ መሬቱን ይዳብሳል። እህቴ «ተዋት፤ መንገዷን ታውቃለች» ትለኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ጨዋታ ነው።

ያ ሌላ ጨዋታ ኮምቦ ይባላል። በፍልሚያ የቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ኮምቦ ማለት አንድ ምት ካረፈ በኋላ ተቀናቃኙ ራሱን ሳይሰበስብ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛው እየተከታተለ የሚያርፍበት ሰንሰለት ነው። የተመታው ገጸ ባሕርይ ለቅጽበት ይደነዝዛል፤ በዚያች ቅጽበት መከላከል አይችልም። የመታውም ቢሆን እጁን ወደ ቦታው እስኪመልስ የራሱ ቅጽበት ይፈጅበታል። የሁለቱ ቅጽበቶች ልዩነት ቀዳዳ ይፈጥራል። ቀጣዩ ምት በዚያ ቀዳዳ ከሾለከ ሰንሰለቱ ይቀጥላል፤ ካልሾለከ ይበጠሳል። ጌሞቹ በአንድ ሰከንድ 60 ምስል ያሳያሉ። እጅግ ከባድ በሚባሉት ኮምቦዎች ላይ የቀዳዳው ስፋት አንድ ምስል ብቻ ነው፤ የሰከንድ ስድሳኛ።

ይህ ቁጥር ቆም ብሎ የሚታሰብበት ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በጌሙ መቁጠሪያ 12 ምስል አልፏል ማለት ነው። ምቱ ሲያርፍ አይቼ ልጫን ያለ ሰው እንግዲህ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል። ዓይን እዚህ ሥፍራ ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ ነው። ኮምቦ የሚሠራ እጅ ያየውን አይከተልም፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል። እህቴ ጠጠሯን ያላየቻት ስለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ የካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ አንድ የቆርቆሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ብርሃን ስክሪኑን እንዳይጋርደው በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጎማቸው የተላጠ አራት ጆይስቲኮች። አንደኛው ቴሌቪዥን የኳስ ነው፤ ሌላው የቴከን 3። ቴከን 3ን የጃፓኑ ናምኮ ለመጫወቻ አዳራሾች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ወደ ፕሌይስቴሽን የመጣው በ1998 ነው። እኛ ሰፈር ሲደርስ ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ ለእኛ ግን አዲስ ነው። አራቱ ቁልፎች አራቱ የአካል ክፍሎች ናቸው፤ አራት ማዕዘኑ ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ ኤክሱ ግራ እግር፣ ክቡ ቀኝ እግር። ጆይስቲክ የያዘ ልጅ አንድ ሙሉ ሰው በመዳፉ ይዟል።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ይህ ሕግ ሁላችንንም አንድ ዓይነት ተጫዋች አደረገን። ለመማር ብሎ የሚሸነፍ አልነበረም፤ ምክንያቱም መሸነፍ ሳንቲም ነው። ጆይስቲኩን እንደ ሙቀጫ እንወቅጠው ነበር። ከብዙ ውቀጣ አንዱ ያርፋል፤ ያረፈው ያሸንፋል። የጌሙ የልምምድ ክፍል ከሜኑው ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ማንም አይነካውም። እጁን የማያነሳ አሻንጉሊት ለመምታት ማን ገንዘብ ይከፍላል?

አንድ ልጅ ግን ነበር። ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይበልጣል። ጠዋት ሰው ሳይመጣ ይደርስና ቤቱን ይጠርጋል፤ አቧራው እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ወንበሮቹን ያስተካክላል። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ በምላሹ የመጀመሪያው ደንበኛ መጋረጃውን እስኪገልጥ ድረስ አንዱን ቴሌቪዥን ይከፍቱለታል። ልጁ የሚገባው ወደ ልምምዱ ክፍል ነው። የሚመርጠው ኪንግን ነው፤ የዱር ድመት ጭምብል ያጠለቀውን ታጋይ። እኛ «ነብሩ» እንለው ነበር። ኪንግ ከአንድ ውርወራ ወደ ሌላ ውርወራ እያሸጋገረ የሚጥልበት ሰንሰለት አለው። አንደኛው ውርወራ ስክሪኑ ላይ ገና እየተካሄደ ሳለ የሚቀጥለው ትእዛዝ በልኩ መግባት አለበት፤ ቀድሞ ከገባ አይቆጠርም፤ ከዘገየ ተቀናቃኙ መሬት ላይ ተዘርሮ ነገሩ ያበቃል።

ትምህርት የሌለኝ ቀን ጠዋት እሄድና ከኋላው ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ያስገረመኝ የእጁ ፍጥነት አልነበረም፤ እጁ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነበር የሚታየው። ይጫናል፤ ያቆማል፤ ይጫናል፤ ያቆማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውርወራዎች ብቻ ደጋግሞ ይሠራል፤ ቀጥሎ መካከለኛዎቹን፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን። ሲበጠስበት አይሳደብም፤ ጆይስቲኩን አይወረውርም። አንድ ቀን «ማንን ልታሸንፍ ነው?» አልኩት። ዞር ሳይል «ማንንም። መጨረሻውን ማየት ፈልጌ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ሦስተኛው ላይ ነው» አለ።

ይህችን ቃል ዕድሜዬን ሁሉ ይዣታለሁ። ሦስተኛው ላይ ነው። በግጥሚያ የተሸነፈ ሰው የወደቀበትን አያውቅም። ተቀናቃኙ ዕድለኛ ነበር፤ ጆይስቲኩ ላልቶ ነበር፤ ከኋላ የቆሙት ጮኹበት። ሽንፈቱ በሁሉም ቦታ የተበተነ ስለሆነ የትም የለም። ፊት ለፊቱ የማይንቀሳቀስ አሻንጉሊት ያቆመ ሰው ግን ሰበብ አጥቶ ይቀራል፤ በሰበቡ ምትክ አድራሻ ያገኛል። ስህተቱ የት እንደሚኖር ያውቃል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል። በስንፍናው፣ በዕድሉ ወይም በተፈጥሮው ላይ መፍረድ ትቶ ወደዚያች ጠባብ ሥፍራ ብቻ ይመለሳል። «አልችልም» የሚለው ቃል ሰውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። «ሦስተኛው ላይ ነው» የሚለው ግን የቀረውን ሁሉ ነጻ ያወጣዋል።

በዚያች ጠባብ ሥፍራ የሚሠሩት ስህተቶች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ መቅደምና መዘግየት። ጀማሪ ሲበጠስበት ዘገየሁ ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ሲፈጥን ይበልጥ ይበጠስበታል፤ ይበልጥ ሲበጠስበት ይበልጥ ይፈጥናል። መድኃኒቱ በሽታውን ያባብሰዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ መቅደሙ ነው፤ የፊተኛው ምት ሳያልቅ የኋለኛውን ጠርቶታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው እህል የሰፈረ እጅ አይቶ ይሆናል፤ ለቅልብልቦሽም ለኮምቦም አንዲት ቃል ሳይጨመርበት ይሠራል። ከባዱ ነገር መጫን አይደለም። ከባዱ ነገር ለአንዲት ስድሳኛ አለመጫን ነው።

አንድ ጥንታዊ ትውፊታችን እዚህ ላይ ይታወሰኛል። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በመምህሩ በጌዴዎን ተቀጥቶ ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል አየ። ትሏ ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ሞክራ ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ወጣች። ያሬድም ወደ መምህሩ ተመለሰ። በሕፃንነታችን የተነገረን ጽናትን ለማስተማር ነው፤ ተስፋ አትቁረጥ፣ ደጋግመህ ሞክር። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ግን ጎድሎታል። ትሏ በሰባተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ደክማለች እንጂ አልበረታችም። ዛፉም አላጠረም። ታዲያ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ምን ተለወጠ? ተረቱ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር የተፈጸመው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። እንደሚመስለኝ ስድስቱ ውድቀቶች ስድስት ሽንፈቶች አልነበሩም። ቅርፊቱ የት እንደሚያንሸራትት፣ የት እንደሚይዝ ለትሏ አካል የተነገሩ ስድስት ወሬዎች ነበሩ። ሰባተኛው ሙከራ ስድስቱን ሁሉ ተሸክሞ ወጣ። እንደ ስድስተኛው አድርጎ ሰባተኛውን የሚሞክር ሰው ሰባ ጊዜም ቢሞክር አይወጣም፤ ልምምድ ድግግሞሽ ነው የሚለው አነጋገር የሚስተውም ይህንን ነው።

የቅኔ ቤት ሰዎች ለዚህ ነገር ሁለት ቃላት አሏቸው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ የቅኔ ጉባኤዎች ስማቸው የታወቀ ነው፤ ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም አልፎ ይሄዳል። ከሰው ተለይቶ፣ ከጎጆው ወይም ከዛፍ ሥር ሆኖ፣ ቃል ከቃል፣ ቤት ከቤት እያጋጠመ ሲደክም የሚውልበት ሥራ ቆጠራ ይባላል። የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። በጉባኤ መካከል፣ በማኅሌት፣ ለዕለቱ የሚገባውን ቅኔ ሲያቀርብ ግን ዘረፈ ይባላል። ቋንቋችን ይህን ቃል መምረጡ ይደንቀኛል። ዘረፋ ፈጣን ነው፤ ድንገተኛ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚወሰድ ነው። የሰማው ሁሉ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ያልቆጠረ ግን እንደማይዘርፍ ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል።

ቅኔ አዲስ ነው፤ ኮምቦ ግን ሌላው የደረደረውን መልሶ መሥራት ነው፤ እንዴት ይወዳደራሉ የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። የተሰጠውን ሰንሰለት ሳያዛንፍ የሚያጠና ልጅ ከቅኔ ተማሪ ይልቅ የዜማ ተማሪን ይመስላል፤ የድጓው ምልክት ያለውን ያለ ቅናሽና ያለ ጭማሪ ወደ ጉሮሮው የሚያስገባውን። ይሁን እንጂ የእኛ ሊቃውንት ሁለቱን እንደ ጠላት አላዩአቸውም። ድጓውን ጠንቅቆ የያዘ በቅኔው ይዘርፋል። በግጥሚያ ጊዜም ተቀናቃኙ በተለማመድንበት ርቀት ላይ አይቆምም፤ ግድግዳው ቅርብ ይሆናል፤ ምቱ በግማሽ ያርፋል። ያኔ የተማረ እጅ ሰንሰለቱን ከመካከሉ ቆርጦ ሌላ ጫፍ ይቀጥልበታል። ይህ ቅኔ ነው። ዜማው ግን ቀድሞ ገብቶ መሆን አለበት።

የኮምቦ ታሪክ ራሱ በስህተት የተጀመረ መሆኑ ለዚህ ሐሳብ ክብር ይሰጠዋል። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውን ስትሪት ፋይተር 2ን ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ ኖሪታካ ፉናሚዙ መኪና የሚሰባበርበትን የጉርሻ ክፍል ሲፈትሽ አንድ ነገር አስተዋለ፤ በምትና በምት መካከል፣ ጊዜው በልኩ ከተጠበቀ፣ ሌላ ምት ሊገባ ይችላል። የታቀደ አልነበረም። ልኩ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ተጫዋች ሊጠቀምበት አይችልም ብሎ እንደ ስውር ነገር ተወው። ተጫዋቾች ግን አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ሲወጣ ማሽኑ ራሱ የሰንሰለቱን ምቶች ስክሪኑ ላይ መቁጠር ጀመረ። ስትሪት ፋይተር 4 እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ሰንሰለቶቹን በደረጃ የሚያቀርብ የፈተና ክፍል ይዞ ነበር፤ አንዳንዶቹም የአንድ ምስል ቀዳዳ ያላቸው። እንዲህ ሆኖ ሠሪው ሊታለፍ አይችልም ያለው ስንጥቅ የጥበቡ ዋና በር ሆነ።

በእነዚህ ፈተናዎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ አንድ ሕግ አለ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ ምት የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። በስትሪት ፋይተር 4 ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ሙሉ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ሦስተኛው 80 በመቶ፣ አራተኛው 70፣ እያለ ይወርዳል። ማለትም ድካሙ ሲጨምር ዋጋው ያንሳል። ከመጨረሻዎቹ ምቶች የሚገኘው ትርፍ ከሚያስከትሉት የመሳት አደጋ ጋር ሲመዘን ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ለማሸነፍ ብቻ የሚሠራ ሰው አጭሩን ተምሮ ማቆም ይችላል። ታዲያ እስከ መጨረሻው የሚሄደው ለምንድን ነው? የዚያ ልጅ መልስ እዚህ ላይ ይመጣልኛል፤ መጨረሻውን ማየት ፈልጌ ነው። በዓለም ላይ ብዙ መልካም ሥራ እንዲህ ነው የተሠራው። ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት የቀሚሱን መስቀል ገዢው በማያየው በኩልም ታስተካክላለች። አንድ ነገር ሙሉ መሆን ስለሚችል ብቻ ሙሉ እንዲሆን መፈለግ፣ ከትርፍ የሚቀድም የሰው ልጅ ክብር ነው።

አንዳንዴም ቆጠራው ሳይታሰብ ወደ ዘረፋ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ካሊፎርኒያ በተካሄደው ኢቮ በተባለው ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር ተገናኘ። የዳይጎ ገጸ ባሕርይ ሕይወት ከፀጉር የቀጠነ ነበር፤ ተራ መከላከል እንኳ ይገድለዋል። ዎንግ 15 ምት ያለውን ከባድ ጥቃት ለቀቀበት። ዳይጎ እያንዳንዱን ምት በሚያርፍበት ቅጽበት ወደ ፊት በመግፋት አንድ በአንድ መለሰ፤ ለመጀመሪያው ምት ደግሞ ጥቃቱ ከመታየቱ በፊት መወሰን ነበረበት። የመጨረሻውን አየር ላይ መለሰና በራሱ ሰንሰለት ጨዋታውን ዘጋ። አዳራሹ ተናጋ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ በቪዲዮው ይሰማል። ከዚያ ቀን በፊት ያንን የ15 ምት ልክ እጁ ውስጥ ያስገቡት ጸጥ ያሉ ሰዓቶች ግን በየትኛውም ቪዲዮ የሉም። ታሪክ ዘረፋውን ይመዘግባል፤ ቆጠራውን አይመዘግብም።

ስለዚህ ቆጠራ የት እንደሚኖር መጠየቅ ይገባል። ቆጠራ ቦታ ይፈልጋል፤ ሰው የማይቸኩልበት፣ መሳት የማያስከፍልበት፣ መጋረጃ ያለው ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2019 አርስላን አሽ የተባለ የላሆር ወጣት በቴከን 7 የጃፓኑንም የአሜሪካኑንም ኢቮ በአንድ ዓመት ሲያሸንፍ የውድድሩ ዓለም ደነገጠ። እሱ ግን ፓኪስታን ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ሌሎች ብርቱዎች እንዳሉ ተናገረ። ማንም ያላያቸው የጨዋታ ቤቶች ለዓመታት ሲቆጥሩ ኖረዋል ማለት ነው። ወሬውን ስሰማ ያ የቆርቆሮ ቤት ትዝ አለኝ። ቁጭት ነበረበት፤ ኩራትም ነበረበት።

የካዛንቺስ ስም ራሱ የድግግሞሽ ልጅ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምህጻረ ቃል ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ»። አፋችን እየደጋገመ አለሰለሰው፤ የባዕድ መሥሪያ ቤት ስም ተሟሽቶ የራሳችን ሰፈር ሆነ። እዚያው አካባቢ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽ አለ። ማታ ማታ ደግሞ አዝማሪ ቤቶቹ ነበሩ። አንደኛው ፈንድቃ ነበር፤ ባለቤቱ መላኩ በላይ ቤቱ የእሱ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት እዚያው ለሽልማት ሲጨፍር የኖረ ሰው ነው። እስክስታ ሲወርድ ያየ ያውቃል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ድንገት ይቆማል፤ ተመልካቹ የሚጮኸው በቆመበት ቅጽበት ነው። ያንን መቆም ማንም በአንድ ሌሊት አይማረውም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ፈንድቃም፣ የእኛ ደረጃም፣ ያ የቆርቆሮ ቤት የነበረበት ቦታም ከፈረሱት መካከል ናቸው። ሰፊ መንገድና የብስክሌት መስመር መጥቷል። ከተማ መታደስ አለበት፤ የቀበሌ ቤት ጣሪያ በክረምት እንዴት እንደሚያፈስ የኖርንበት እናውቃለን። ነገር ግን ሲፈርስ የሚቆጠረው ቤት ነው፤ ካሬ ሜትሩ፣ ቆርቆሮው፣ አባወራው። ማለዳ ወለል ጠርጎ የሚገኝ የአንድ ሰዓት ልምምድ በየትኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራል? ያ ሰዓት የተገኘው ሰፈር ስለነበረ ነው፤ ጋሼ ልጁን ስለሚያውቁት፣ ልጁም ጋሼን ስለሚያውቃቸው። ጎረቤቱ ተበትኖ ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ የሚጎዳው አንዱ ይህ ነው። አዲሱን ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ልጆች ያለ ክፍያ የሚስቱበት ቦታ እንዲተዉ ከልቤ እለምናለሁ። ጥበብ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አውቃለሁ። የዚያ ቤት ፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ አልነበረውም። ቴከን 3 ሲከፈት 10 ገጸ ባሕርያት ብቻ ይሰጣል፤ ሌሎቹ የሚገኙት እየተጫወቱ ሲያስከፍቷቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ደክመን የምናስከፍታቸው ሁሉ ማታ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ አንዳንዴም መብራት ይሄድና ከመካከል ይቋረጣል። ማሽኑ በየማለዳው ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ይነሳል። ልጁ ግን በየማለዳው ከትናንት ይጀምራል። ማሽኑ የረሳውን እጁ ይዞታል። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው አወረደው። እልል አላለም። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። የትም ቢሆን፣ ምንም ዓይነት መሣሪያ ቢይዝ፣ ያ ልክ በእጁ ውስጥ እንዳለ አምናለሁ፤ በእጅ ላይ ግሬደር አይሄድምና።

እህቴ አሁን የምትኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። የ14 ዓመት ልጅ አላት፤ አባቱ ከውጭ በላከለት ፕሌይስቴሽን ስትሪት ፋይተር 6ን ይጫወታል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጌም ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የኮምቦ ፈተናዎች አሉት፤ የጀማሪ፣ የመካከለኛና የከፍተኛ ተብለው የተከፈሉ። ባለፈው ሰንበት ልጠይቃቸው ስሄድ ልጁ ከከፍተኛው ደረጃ ላይ ተይዞ ነበር። ተቀናቃኙን ወደ አየር ያነሳዋል፤ ሳይወድቅ ሊያስከትልበት ይሞክራል፤ ይስታል። ፊቱ ቀልቷል። አውራ ጣቱ ይወቅጣል።

እህቴ ቡና ለማፍላት ረከቦቱን እያስተካከለች ነበር። ሲኒዎቹን ትታ ከኋላው ቆመች። ጆይስቲክ በእጇ ይዛ አታውቅም። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሲስት አየችና «ምን ያጣድፍሃል፣ የኔ ጌታ?» አለችው።

«እማዬ፣ ጊዜ እኮ የለውም! ይወድቃል!»

«ወደ ላይ የወጣ ነገር እስኪወርድ ጊዜ አለ። ተወው፤ መንገዱን ያውቃል።»

ልጁ መልስ አልሰጣትም። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደገና ጀመረ። አንደኛው አረፈ፤ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው። ከዚያ አውራ ጣቱ ቆመ። በጣም ጥቂት፣ ግን አየሁት። የእህቴ ቀኝ እጅ ነጠላዋ ሥር መዳፏ ወደ ላይ ተከፍቶ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ተመለሰ። አራተኛው ምት አረፈ። አምስተኛው ሳተ።

ልጁ ጆይስቲኩን አልወረወረም። ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ስክሪኑን እያየ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «አምስተኛው ላይ ነው» አለ።